የበረሃ መንገደኛ ስንቅ የማን ነው?

መንገድ የሰውን ልብ የሚገልጥ መርማሪ ነው። በከተማ ውስጥ ብልህና ሰነፍ፥ ቸርና ንፉግ ተቀላቅለው ይኖራሉ፤ እንጀራው ከመሶቡ፥ ውሃው ከደጁ፥ መኝታው ከቤቱ እስካልጠፋ ድረስ አንዱ ከሌላው የሚለይበት ምክንያት ብዙ ጊዜ አይገኝም። ሰው ውሃ ወደሌለበት በረሃ ለመሄድ በተነሣ ጊዜ ግን የት እንደሚያርፍ፥ የት እንደሚያድር፥ ምን እንደሚበላና ምን እንደሚጠጣ አስቀድሞ መቍጠር ግድ ይሆንበታል። በዚያን ጊዜ ሁለት ጥያቄዎች ይነሡበታል። አንደኛው፥ የነገን ነገር እንዲህ አድርጎ የሚቈጥር ሰው በእግዚአብሔር ላይ ያለው እምነት ጐደሎ ነውን? የሚል ነው። ሁለተኛውና የሚከብደው ደግሞ፥ ቈጥሮ ያሰናዳው ስንቅ የራሱ ብቻ ነውን? የሚል ነው። የመጀመሪያውን ብዙ ሰዎች ሲከራከሩበት ኖረዋል፤ ሁለተኛውን ግን በረሃው ራሱ ካልጠየቀ በቀር የሚጠይቀው ጥቂት ነው።

ይህን ለመመርመር ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም፤ የመቀሌ ከተማ ይበቃል። መቀሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ደጋ ላይ የተቀመጠች ናት። ወደ ምሥራቅ የሚወርደው የጨው መንገድ ግን ከአጉላዕ ተገንጥሎ በራህሌን ካለፈ በኋላ፥ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ወዳለው የአፋር ሜዳ፥ ወደ አሳሌ ሐይቅና ወደ ዳሎል ያደርሳል። በዳሎል ከ1953 ዓ.ም. ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት የተደረገው ልኬት፥ የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ እንደሚበልጥ አሳይቷል፤ ይህም ሰው ከኖረባቸው ቦታዎች ሁሉ ከተመዘገበው የበለጠ ሆኖ እስከ ዛሬ ይነገርለታል። ከደጋው ብርድ ተነሥቶ ወደዚያ የሚወርድ ሰው በጥቂት ቀን ጕዞ ከአንድ ዓለም ወደ ሌላ ዓለም ይሻገራል።

በትግራይ አርሆ እየተባለ የሚጠራው የጨው ቅፍለት በዚህ መንገድ ሲመላለስ ብዙ መቶ ዓመት ሆኖታል። በ6ኛው መቶ ዓመት የኖረው ኮስማስ የተባለው የእስክንድርያ ነጋዴ፥ የአክሱም ነጋዴዎች ጨው ይዘው ሄደው በወርቅ ይለውጡ እንደ ነበር ጽፏል። በ1520 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም፥ ጨው በገንዘብ ፋንታ ሲሠራበት አይቶ ለአገሩ ሰዎች ተርኳል። አሞሌ በየገበያው ከብር ጋራ ሲመነዘር የኖረው፥ በዚያ በረሃ የሚሄድ ሰው ስንቁን ቈጥሮ ሄዶ ቈጥሮ ስለ ተመለሰ ነው። ዐፄ ዮሐንስ ፬ኛ (1864–1881 ዓ.ም.) መቀመጫቸው ያደረጓት መቀሌም ለከተማነት የበቃችው በቤተ መንግሥቱ ብቻ ሳይሆን በዚህ ንግድ ጭምር ነው።

የዱሮው ነጋዴ ከቤቱ ሳይወጣ መንገዱን በልቡ ይሄደው ነበር። አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ራሱ ሳይሆን ስለ አጋሰሱ ነው፤ በጨው ሜዳ ላይ ሣር አይበቅልምና ግመሉም በቅሎውም አህያውም የሚበሉት ድርቆሽ ከደጋ ተጭኖ መውረድ አለበት። ድርቆሹም ለመሄጃ ብቻ ሳይሆን ለመመለሻም ነው። ለመሄጃ ብቻ የሚበቃ ስንቅ የያዘ ሰው ስንቅ እንደ ያዘ አይቈጠርም፤ ጥፋቱን እስከ ግማሽ መንገድ አዘገየ እንጂ። ደግሞም በአጋሰስ ጀርባ ላይ ስንቅ በበዛ ቍጥር ለንግድ የሚሆነው ጭነት ያንሳል፤ ስለዚህ ጥንቃቄ ዋጋ አላት፤ ከትርፍ ላይ ተቀንሳ የምትከፈል ናት። ይህን ዋጋ ለመክፈል የማይወድ ስግብግብ ነጋዴ ጭነቱን አብዝቶ ስንቁን አሳንሶ ይወርዳል፤ በረሃውም ልዩነቱን ከነወለዱ ይቀበለዋል።

ለሰዎቹ ስንቅ ዱቄት፥ በሶና ቆሎ ይያዛል። የመንገዱ እንጀራ ብርኩታ ነው፤ ይኸውም የጋለ ድንጋይ በሊጥ ተጠቅልሎ በፍም ላይ የሚጋገር ነውና ምጣድ መሸከም አያስፈልግም። ውሃው በፍየል ቆዳ ስልቻ ይያዛል፤ ማረፊያውም የሚወሰነው ሰው በደከመው ልክ ሳይሆን ውሃው በተገኘበት ስፍራ ነው። በጨው ሜዳው ዳር ያለችው የመጨረሻዋ መንደር አሕመድ ኤላ ትባላለች፤ ኤላ በአፋርኛ የውሃ ጉድጓድ ማለት ነውና ስሟ ራሱ ለመንገደኛ ምክር ነው። የፀሐዩ ኃይል ሲበረታ ሰውና እንስሳ በጥላ ይውላሉ፤ ጕዞው በሌሊትና በማለዳ ይሆናል። አባቶች መንገደኛ የሚያርፍበትን ቦታ ምዕራፍ ብለውታል፤ የመጽሐፍን ክፍልም በዚያው ስም ጠርተውታል። አንባቢ በምዕራፉ ላይ ትንፋሹን ሰብስቦ ያለፈውን አስቦ ወደሚመጣው እንደሚሻገር ሁሉ፥ መንገደኛም በምዕራፉ ላይ የቀረውን ስንቅና የቀረውን መንገድ ያስተያያል። ማረፍና መቍጠር አንድ ሥራ ናቸው።

በዛሬው ዘመን የአስፋልት መንገድ ተሠርቶ፥ ቅፍለት በቀናት ይሄደው የነበረውን አገር መኪና በሰዓታት ይጨርሰዋል፤ ስለዚህ የዱሮው ቍጥር የቀረ የሚመስለው ሰው አለ። የመኪናው ፍጥነት ግን መንገደኛውን አፈጠነ እንጂ የውሃውን ጉድጓድ አላቀረበም። ጎማ ፈንድቶ ወይም ሞተር ግሎ በሁለት መንደር መካከል የቆመ ሰው፥ በዚያች ሰዓት ከዱሮው ነጋዴ ጋራ እኩል ይሆናል፤ እንዲያውም ያንሳል፤ ያኛው ሊቆም እንደሚችል አስቦ ወጥቷልና፥ ይኸኛው ግን ምሳውን እደርስበታለሁ ባለው ከተማ አስቀምጦ ነው የወጣው።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ጌታ በወንጌል ስለ ነገ እንዳይጨነቁ ደቀ መዛሙርቱን አስተምሯል፤ ለስብከት ሲልካቸውም ከረጢትና እንጀራ እንዳይዙ አዟቸዋል። ይህን ይዞ፥ ስንቅ ማሰናዳት የእምነት ጕድለት ነው የሚል ሰው አይጠፋም። ነገር ግን ያው ወንጌል እንደሚያስረዳው፥ ጌታ ከመከራው ሌሊት አስቀድሞ ኮረጆና ከረጢት ያለው ሰው እንዲይዝ ነግሯቸዋል። ትእዛዙ የተለየው ጊዜው ስለ ተለየ ነው፤ ለመጀመሪያው መንገድ የሚቀበላቸው ቤት ነበረ፥ ለሁለተኛው ግን የሚጠብቃቸው ጠላት ነበረና። የኦሪቱ መናም እንዲሁ ያስተምራል። እስራኤል በምድረ በዳ ከዕለት የተረፈውን መና ለነገ ባሳደሩት ጊዜ ተልቶ ሸተተ፤ በስድስተኛው ቀን ግን የሰንበትን ድርሻ ጨምረው እንዲሰበስቡ ታዘዙ፥ ያም ያደረው ሳይበላሽ ቀረ። አንዱ እህል፥ አንዱ ሌሊት ሲሆን፥ አንዱን ያበላሸው አለመታመን ነው፥ ሌላውን ያቈየው መታዘዝ ነው። ስለዚህ ኀጢአቱ በማሳደሩ ላይ ሳይሆን በሚያሳድረው ልብ ላይ ይገኛል።

ደግሞም ሙሴ በኦሪት ዘኍልቍ የእስራኤልን ማረፊያዎች ሁሉ አንድ በአንድ በስማቸው ጽፏል፤ በኤሊም 12 የውሃ ምንጮችና 70 የዘንባባ ዛፎች እንደ ነበሩ ሳይቀር ተቈጥሯል። በደመና ዓምድ ይመራ የነበረ ሕዝብ ማረፊያውን መጻፍ ካላሳፈረው፥ ደመና የማይመራው የዛሬ መንገደኛ ማረፊያውን ቢጽፍ የሚነቅፈው የለም። ነቢዩ ኤልያስም በምድረ በዳ በተኛ ጊዜ መልአኩ ሁለት ጊዜ ቀስቅሶ እንጀራና ውሃ አብልቶታል፤ ምክንያቱም መንገዱ ሩቅ ስለ ነበረ ነው። እግዚአብሔር ነቢዩን ያለ እንጀራ አርባ ቀን ሊያስኬደው ይችል ነበር፤ ነገር ግን አስቀድሞ አበላውና አስነሣው።

ይሁን እንጂ ቍጥርም የራሱ በሽታ አለበት። ሁሉን ያሰናዳ ሰው በረሃውን የገዛው ይመስለዋል፤ ዛሬ በዚህ እበላለሁ፥ ነገ በዚያ አድራለሁ ብሎ ሲናገር ነገ የእርሱ ንብረት ይመስላል። ሐዋርያው ያዕቆብ ወደዚህ ከተማ ሄደን እናተርፋለን የሚሉትን ነጋዴዎች የገሠጻቸው ስለ ንግዳቸው አይደለም፤ የእግዚአብሔርን ፈቃድ ከሒሳባቸው ስላወጡት ነው። ከበራህሌ ወደ ጨው ሜዳው የሚወርደው ጅረት በሁለት ገደል መካከል ያልፋል፤ በደጋው የዘነበ ዝናብ በቈላው ሰማዩ ጠርቶ ሳለ በድንገት ደራሽ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። በቀኑ መድረስን ብቻ የሚያስብ ሰው ወደ ውሃው ይገባል፤ ፈቃዱ ቢሆን ያለ ሰው ግን ቆሞ ይጠብቃል። ለመጠበቅ ደግሞ የአንድ ቀን ትርፍ እንጀራ ያስፈልጋል። በዚህ ጊዜ ትሕትናና ስንቅ አንድ ላይ ይሆናሉ፤ ነገን አላውቀውም የሚል ሰው ትርፍ ይይዛልና፥ ትርፍ የሌለው ሰው ደግሞ መታገሥ ቢወድም እንኳ አይችልም።

እስከዚህ ድረስ ያለው ነገር ለማንም ብልህ ሰው የሚያስቸግር አይደለም። የሚያስቸግረው ሁለተኛው ጥያቄ ነው።

አንድ አሽከርካሪ ከሰመራ በአብአላ በኩል ወደ መቀሌ አራት ሰዎች ይዞ ይሄዳል እንበል። ውሃውን በሰው ቈጥሮ ጭኗል፥ የሚያርፍበትንም የሚያድርበትንም ወስኗል። በበረሃው መካከል አንድ ወጣት በእግሩ ሲሄድ ያገኛል፤ ከንፈሩ ደርቋል፥ በእጁ ያለው ኮዳ ባዶ ነው። ይህ ምሳሌ ለክርክር ያህል የተፈጠረ ብቻ አይደለም። ከትግራይ፥ ከወሎና ከሌላውም አገር የሚወጡ ወጣቶች የአፋርን በረሃ አቋርጠው ወደ ጅቡቲ፥ ከዚያም ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን ለመሻገር በእግራቸው እንደሚሄዱ፥ ከእነርሱም በውሃ ጥም በመንገድ የሚቀሩ እንዳሉ የታወቀ ነው። አሽከርካሪው ምን ያድርግ?

አንዱ ወገን እንዲህ ይላል፤ አምስቱ ልባሞች ደናግል ዘይታቸውን ለሰነፎቹ አላካፈሉም፥ ጌታም አልነቀፋቸውም፤ ሳይሰናዳ የወጣ ሰው የስንፍናውን ዋጋ ይቀበል፤ አሽከርካሪውም በአደራ የያዛቸውን አራቱን ሰዎች ያስብ። ሌላው ወገን ደግሞ፥ የሰራፕታዋ መበለት ለራስዋና ለልጅዋ የቀረውን የመጨረሻ ዱቄት ለእንግዳው ነቢይ ጋግራ አበላች፥ ማሰሮዋም አልጐደለም፤ ስለዚህ ሁሉ ይሰጥ፥ የቀረውን እግዚአብሔር ያውቃል ይላል። ሁለቱም ከመጽሐፍ ይጠቅሳሉ፤ ሁለቱም ግን የጠቀሱትን በሙሉ አላዩትም።

ልባሞቹን ደናግል የሚጠቅስ ሰው ዘይቱ ምን እንደ ሆነ ይመርምር። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ዘይቱን የተረጐመው ምጽዋትና ለተቸገረ ሰው መራራት ነው ብሎ ነው። እንግዲህ ያ የማይካፈለው ዘይት ማካፈል ራሱ ነው። ለሌላው ሊተላለፍ የማይችለውም ስለዚህ ነው፤ አንድ ሰው ሌላው በሰጠው ምጽዋት ቸር ሊሆን አይችልምና። ለተጠማ ሰው ውሃ ከልክሎ በዚህ ምሳሌ የሚመካ ሰው፥ መብራቱ የጠፋበት እርሱ ራሱ ነው። ደግሞም ያ ወጣት ሳይሰናዳ የወጣው በስንፍና ነው ብሎ መፍረድ የሚያልፍ መንገደኛ ሥራ አይደለም፤ የሚያሰናዳው ነገር በቤቱ ስላልነበረ ወጥቶ እንደ ሆነስ?

መበለቲቱን የሚጠቅስ ሰው ደግሞ ሁለት ነገር ያስተውል። አንደኛ፥ መበለቲቱ የሰጠችው የራስዋን ቤት ዱቄት ነው፤ ደግሞም በነቢዩ አፍ የተነገረ ተስፋ ነበራት። አሽከርካሪው ግን የያዘው ውሃ የእርሱ ብቻ አይደለም። ሰው ስለ ወንድሙ የራሱን ሕይወት ቢሰጥ ፍቅር ይባላል፤ በኋላ ወንበር የተኛውን የሌላ ሰው ልጅ ሕይወት ሳያስፈቅድ ቢሰጥ ግን ስሙ ሌላ ነው። ሁለተኛ፥ በልግስና ስም ሁሉን በአንድ ቦታ አፍስሶ ተሳፋሪዎቹን በሚቀጥለው ምዕራፍ ለማኝ ያደረገ ሰው፥ የመጀመሪያውን ተጠሚ አጥግቦ አምስት ተጠሚዎችን ፈጥሯል።

መልሱ ያለው ከሁለቱ ወገኖች ቀደም ብሎ ነው፤ ይኸውም መኪናው ከመነሣቱ በፊት፥ ስንቁ በሚቈጠርበት በጓሮ ነው። በደህና ቤት ያደገች የኢትዮጵያ እመቤት እንጀራ ስትጋግር በቤትዋ ሰው ልክ ብቻ አትጋግርም፤ ለእግዜር እንግዳ የሚሆን በመሶቡ ይቀራል። እንግዳው ማን እንደ ሆነ አታውቅም፥ መቼ እንደሚመጣም አታውቅም፤ ነገር ግን ከሒሳብዋ አታወጣውም። መንገደኛም እንዲሁ ያድርግ። አምስት ሰዎች የሚሄዱ እንደ ሆነ ስድስት ድርሻ ይሰናዳ። ያ ስድስተኛው ድርሻ ከመጀመሪያው ጀምሮ የአምስቱ አይደለም፤ የባለቤቱ ስም አልታወቀም እንጂ ባለቤት አለው። አሽከርካሪው ያንን ውሃ ለወጣቱ ሲሰጥ ከተሳፋሪዎቹ ምንም አልቀነሰም፥ እንዲያውም ለወጣቱ የራሱን ነው ያደረሰለት። ስድስተኛውን ድርሻ ሳይጭን ወጥቶ በመንገድ ላይ ለእኛ ብቻ የሚበቃ ነው ያለን የሚል ሰው ግን እውነት ቢናገርም ከወቀሳ አያመልጥም፤ ጥፋቱን የሠራው አሁን ሳይሆን ትናንት በጓሮው ነው። በዚህ ዐይነት ሲታይ ቍጥርና ፍቅር ጠላቶች አለመሆናቸው ይገለጣል፤ ሳይቈጥር የወጣ ሰው የሚሰጠው የለውም፥ ቢሰጥም የሚሰጠው የሰውን ነው።

ነገር ግን ስድስተኛው ድርሻ ካለቀ በኋላ ሰባተኛው ሰው ቢመጣስ? ይህን ጥያቄ የሚያመልጥበት ብልሃት የለም። በዚያን ጊዜ እያንዳንዱ ተሳፋሪ ከራሱ ድርሻ ላይ በፈቃዱ ሊቀንስ ይችላል፤ መለመንና መጠየቅ የአሽከርካሪው ግዴታ ነው፥ ማስገደድ ግን ሥልጣኑ አይደለም። ውሃ የማይፈጅ ስጦታም አለ፤ ተጨናንቆ ቦታ መስጠት፥ ወደ ቀረበው ጉድጓድ ማድረስ፥ ወይም በሚቀጥለው መንደር ቆሞ በዚህ ስፍራ ሰው አለ ብሎ መናገርና እስኪሄዱለት ድረስ አለመነሣት። ይህም ሁሉ ተደርጎ ሳይበቃ የቀረ እንደ ሆነ፥ እጁ ባዶ ሆኖ ያለፈ ሰው ኀዘን ይዞ ይለፍ እንጂ ጥቅስ ይዞ አይለፍ።

ከውሃና ከእንጀራ ሌላ በበረሃ ሦስተኛ ስንቅ አለ፤ እርሱም ቃል ነው። የአፋር ሕዝብ ዳጉ የሚባል የታወቀ ሥርዓት አለው። ሁለት መንገደኞች በተገናኙ ጊዜ ቆመው ወይም ተቀምጠው ያዩትንና የሰሙትን ይለዋወጣሉ፤ ዝናብ የት እንደ ዘነበ፥ ጉድጓዱ ውሃ እንዳለው፥ ሰላም እንዳለ፥ ማን እንደ ታመመና ማን እንደ ሞተ ይነጋገራሉ። የሰማውን መደበቅ ወይም አጣምሞ መናገር በዚያ ሥርዓት ከባድ ነውር ነው፤ በሐሰት ቃል ወደ ደረቀ ጉድጓድ የተመራ ሰው ይሞታልና። በከተማ ውሸት ስም ያጠፋል፥ በበረሃ ግን ነፍስ ያጠፋል። ተምሬያለሁ የሚል የከተማ ሰው፥ ሠርቶ ባላወቀው ነገር የመንገደኛን ጥያቄ በግምት ሲመልስ፥ በዚህ ሚዛን ቢመዘን ምን ያህል ይቀልል ይሆን!

የመቀሌ ሰው ይህን ነገር በመጽሐፍ ብቻ የሚያውቀው አይደለም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ጊዜ የርዳታ እህል የጫኑ መኪናዎች በሰመራና በአብአላ በኩል ያንኑ በረሃ እያቋረጡ ወደ ከተማይቱ ይመጡ ነበር፤ መንገዱ ለወራት የተዘጋበትም ጊዜ ነበረ። በዚያን ጊዜ ቤቱን ቈልፎ ጎተራውን ሞልቶ ይኖር የነበረው ሰው ሁሉ፥ ከቤቱ ሳይወጣ የበረሃ መንገደኛ ሆነ፤ ቍርሱ በሩቅ መንገድ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ነበርና። ያለውን ከጎረቤቱ ጋራ የተካፈለ ሰው ብዙ ነበረ፤ ለራሱ ብቻ የቈጠረም አልጠፋም። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ከተፈረመ በኋላ መንገዱ ሲከፈት፥ ጎተራው ተመልሶ የሞላለት ሰው ነበረ፤ ስድስተኛውን ድርሻ ግን አብሮ መልሶት እንደ ሆነ ወይም ረስቶት እንደ ሆነ የሚያውቀው እርሱና ፈጣሪው ነው።

ማደሪያን በተመለከተም ነገሩ ይኸው ነው። አብርሃም በመምሬ ዛፍ አጠገብ በቀትር ተቀምጦ ሳለ ሦስቱን እንግዶች ያስተናገደው፥ በቤቱ የሚያስተናግድበት ነገር ስለ ነበረ ብቻ አይደለም፤ በድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጦ መንገዱን ይመለከት ስለ ነበረ ነው። የዛሬ መንገደኛ በገንዘቡ አልጋ ይከራያል፥ በገንዘቡ ይበላል፤ ይህም መልካም ነው፥ ባለቤቱ የድካሙን ዋጋ ሊያገኝ ይገባዋልና። ነገር ግን ክፍያው የአልጋውንና የወጡን ዕዳ ይዘጋል እንጂ የእንግድነትን ዕዳ አይዘጋም። ከፍትፍቱ ፊቱ እንደ ተባለ፥ ሌሊት ደክሞት የደረሰን ሰው በመልካም ፊት መቀበል በዋጋ ዝርዝር ላይ የማይጻፍ ነው። እንግዳውም በበኩሉ ገንዘብ ከፍያለሁ ብሎ በውሃ ጥም አገር ውሃ በከንቱ ሊያፈስ አይገባውም፤ የከፈለው ለጠጣው ነው፥ ያፈሰሰው ግን ከእርሱ በኋላ የሚመጣው መንገደኛ ድርሻ ነው።

ሰው ሁሉ የማያውቀውን በረሃ የሚሻገርበት ቀን ይመጣል፤ ለዚያ መንገድ ዱቄትም ስልቻም አይያዝም። የሚያስደንቀው ግን፥ በጌታ ፍርድ ቀን እንደሚጠየቅ በወንጌል የተነገረው ነገር የተራበን ማብላትና የተጠማን ማጠጣት፥ እንግዳንም መቀበል መሆኑ ነው። በዚህ ዓለም መንገድ ላይ ለማያውቀው ሰው ተብሎ የተጫነው ድርሻ፥ በዚያኛው መንገድ የሚገኘው ብቸኛ ስንቅ እርሱ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ማለዳ ለመነሣት ጭነቱን የሚያስር መንገደኛ ሁሉ፥ ገመዱን ከማጥበቁ በፊት ድርሻዎቹን አንድ ጊዜ ደግሞ ይቍጠራቸው፤ ከተሳፋሪዎቹ አንድ በልጠው ካላገኛቸው ወደ ጓዳው ይመለስ። ለመመለስ በዚያች ሰዓት ገና አልመሸም።